የከብት መድን፦ የመጠበቂያ ጊዜና ከዋስትና ውጭ የሚሆኑ ጉዳቶች

የከብት መድን ውል የሚፈረምበት ቀንና ዋስትናው መሥራት የሚጀምርበት ቀን ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። አርሶ አደሩ አረቦኑን ከፍሎ፣ ውሉን ፈርሞ ወይም በአውራ ጣቱ አትሞ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በውሉ የተወሰነው ጥቂት ሳምንት ሳያልፍ በሬው ታሞ ቢሞት ካሳ አይከፈለውም። ይህ ጊዜ የመጠበቂያ ጊዜ ይባላል። የመጠበቂያው ጊዜ ካለፈ በኋላም መድን ሰጪው የማይከፍልባቸው የሞትና የጉዳት ዓይነቶች አሉ፤ እነዚህ ከዋስትና ውጭ የሆኑ ጉዳቶች ናቸው። ሁለቱንም ሳያውቅ የሚፈርም ሰው የገዛው ዋስትና ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉት የጃቢ ጠህናን፣ የወምበርማና የደምበጫ ወረዳዎች በሬ የእርሻ ጉልበት ነው፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብም ነው። ጥንዱ የጎደለበት ገበሬ ወይ በሬ ለምኖ፣ ወይ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ ያም ካልሆነለት መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ስለዚህ በሰኔ የሞተ በሬ የዚያን ዓመት እህል ይዞ ይሄዳል። የከብት መድን በዚህ አካባቢ ትልቅ ትርጉም ሊኖረው የሚችለውም፣ ውሉ በጥንቃቄ መነበብ ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላው ዓለም የእንስሳት መድን ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስበው የውሻና የድመት መድንን ነው። ሥራው ግን የተጀመረው ከእርሻ ከብት ነው። በስዊድን አገር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ለፈረስና ለቀንድ ከብት መድን ይሸጥ ነበር፤ የመጀመሪያው የውሻ መድን የተሸጠውም እዚያው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። የዛሬዎቹ የውሻና የድመት ውሎች ለሕመም አብዛኛውን ጊዜ የ14 ቀን ያህል መጠበቂያ ያስቀምጣሉ፤ ለአደጋ ከዚያ ያጠረ፣ ለጉልበት ጅማት መበጠስ ግን እስከ ስድስት ወር የሚደርስ አለ። በሕንድ ለላምና ለጎሽ የሚሸጡት ውሎች ለበሽታ የ15 ወይም የ21 ቀን መጠበቂያ ይዘዋል። ቁጥሩ ከውል ውል ይለያያል እንጂ ምክንያቱ በየትም አገር ያው ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ከበሽታው ባሕርይ ይመነጫል። በሽታ ወደ ከብቱ ሰውነት በገባበት ቀን አይታይም። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ለቁጥጥር ሥራ የሚጠቀምባቸው የመደበቂያ ጊዜዎች ይህን ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ፦ ለአፍተግር 14 ቀን፣ ለአባ ሰንጋ 20 ቀን፣ ቆዳ ላይ እባጭ ለሚያወጣው የከብት በሽታ 28 ቀን፣ ለሳንባ በሽታ 6 ወር፣ ለእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ 6 ወር። ከቡሬ ገበያ ደህና መስሎ የተገዛ በሬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢወድቅ በሽታውን ይዞ የመጣው ከሻጩ ቤት ሊሆን ይችላል። መድን የሚገባው ደግሞ ገና ላልደረሰ ጉዳት ነው። በገበያው ቀን በደሙ ውስጥ የነበረ በሽታ የደረሰ ጉዳት ነው፤ ያልታየ ብቻ ነው።

ገንዲን ለአብነት መመልከት ይጠቅማል። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርዱት የምዕራብ ጎጃም ቆላማ ቀበሌዎች ቆላ ዝንብና ሌሎች ነካሽ ዝንቦች ይህን በሽታ ከከብት ወደ ከብት ያስተላልፋሉ። የተያዘው በሬ ወዲያው አይወድቅም፤ ቀስ እያለ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ከቀንበር በታች ቶሎ ይደክማል። ባለቤቱ የሳር እጥረት ነው ብሎ ሳምንታት ሊያሳልፍ ይችላል። እንዲህ ላለው በሽታ የሦስት ሳምንት መጠበቂያ እንኳ ላይበቃ ስለሚችል፣ መድን ሰጪው ከመጠበቂያው በተጨማሪ የእንስሳት ሐኪም የምርመራ ወረቀት ይጠይቃል።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው ጠባይ ነው። የመጠበቂያ ጊዜ ባይኖር ኖሮ ጤነኛ በሬ ያለው ሰው አረቦን ሳይከፍል ይቀመጥና፣ በሬው መብላት ያቆመ ዕለት ሮጦ ይፈርም ነበር። እንዲህ ሲሆን ወደ መድኑ የሚገባው የታመመ ከብት ብቻ ይሆናል፤ አረቦኑ ይንራል፤ ቀድሞ በቅንነት የከፈለውም ሰው የሌላውን ዕዳ ይሸከማል። ይህን የጎጃም ሕዝብ ከመድን ድርጅት አልተማረውም። ዕድር አዲስ አባል ሲቀበል መግቢያ ያስከፍላል፤ ሐዘን ከደረሰ በኋላ ልግባ የሚልን ሰው ግን ለዚያ ሐዘን አይቆጥረውም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ በወቅቱ በምዕራብ ጎጃም ሥር የነበረው ደቡብ አቸፈር ነበር። ያ አሠራርም ተመሳሳዩን ችግር የተከላከለው ቤተሰብን በሙሉ እንጂ የታመመውን ሰው ብቻ ባለመመዝገብና ምዝገባውን በዓመት ውስጥ በተወሰነ ወቅት በማድረግ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መነጽርና ለውበት የሚደረግ ሕክምናም ከሽፋኑ ውጭ ነበሩ። ስለዚህ መጠበቅም ሆነ ከሽፋን ውጭ መሆን ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም።

የመጠበቂያ ጊዜ አቆጣጠር ግን ክርክር ያስነሳል። አንድ በሬ አድላቢ ብድር ወስዶ በ60,000 ብር አንድ ወይኖ በሬ ገዛ፤ ጥቅምት 5 ቀን የመድን ውል ፈረመ እንበል። ውሉ ለበሽታ የ21 ቀን መጠበቂያ ካለው፣ የፈረመበት ቀን ተቆጥሮ መጠበቂያው ጥቅምት 25 ያበቃል። በሬው ጥቅምት 20 ማመንዠክ አቆመ፤ አፍንጫው ደረቀ፤ ጥቅምት 29 ሞተ። ካሳ ይገባዋል? መልሱ የሚገኘው ከአንዲት ቃል ላይ ነው። ውሉ «በመጠበቂያው ጊዜ ውስጥ ለሚከሰት ሞት» ካሳ አይከፈልም ካለ፣ በሬው የሞተው መጠበቂያው ካበቃ ከአራት ቀን በኋላ ስለሆነ ይከፈላል። «በመጠበቂያው ጊዜ ውስጥ ለጀመረ በሽታ» ካለ ግን ሕመሙ የታየው በ16ኛው ቀን ስለሆነ አይከፈልም። አብዛኞቹ ውሎች ሁለተኛውን አነጋገር ይመርጣሉ። ያው በሬ ጥቅምት 8 ገደል ገብቶ አንገቱ ቢሰበር ኖሮ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነበር፤ አደጋ ተደብቆ የሚቆይ ነገር ስላልሆነ ብዙ ውሎች ለአደጋ መጠበቂያ አያስቀምጡም፤ ወይም ጥቂት ቀን ብቻ ያስቀምጣሉ።

ውል ሲታደስም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአንድ ዓመቱ ውል ሳይቋረጥ በወቅቱ ከታደሰ መጠበቂያው እንደገና አይቆጠርም። ገበሬው በአጨዳና በውቂያ ተይዞ አንድ ሳምንት ካሳለፈ ግን ብዙ ውሎች እንደ አዲስ ገቢ ይቆጥሩታል፤ 21 ቀኑም ከመጀመሪያው ይጀምራል። በሬ ተሸጦ ሌላ ሲተካም እንዲሁ ነው፤ ዋስትናው የተሰጠው ለዚያ በሬ እንጂ ለበረቱ አይደለም።

እዚህ ላይ የከብቱ መለያ ይመጣል። «ቀይ ቦራ በሬ» ተብሎ የተጻፈ ውል ለክርክር በር ይከፍታል፤ በአንድ መንደር ስንት ቀይ ቦራ አለና። መድን ሰጪዎች በጆሮ ላይ የሚሰካ ቁጥር የሚጠይቁት ለዚህ ነው። በሕንድ ውሎች ቁጥሩ ከጠፋ የካሳው ጥያቄም አብሮ ይጠፋል። ቁጥሩ በአጥር እሾህ ተይዞ ወይም በከብት ጠብ ተበጥሶ ቢወድቅ፣ ባለቤቱ በዚያው ሰሞን አስታውቆ በሌላ ማስተካት ይኖርበታል። ከሞት በኋላ የሚቀርብ ማስረዳት ብዙ ርቀት አይሄድም።

ከዋስትና ውጭ ከሚሆኑት ጉዳቶች መካከል የመጀመሪያው ከውሉ በፊት የነበረ በሽታ ወይም ጉድለት ነው። አሮጌ የእግር ስብራት፣ የታወረ ዓይን፣ ጥርሱ ያለቀ በሬ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ምክንያት ውሎች የዕድሜ ጣሪያና ወለል አላቸው፤ ጥጃም ያረጀ በሬም ብዙ ጊዜ አይመዘገቡም። ቀጥሎ የሚመጣው ክትባት ያለው በሽታ ሆኖ ሳለ ሳይከተብ የሞተ ከብት ነው። የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባና የጎርርሳ ክትባቶች በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታሉ፤ ዘመቻው ወደ ቀበሌ ሲመጣ ከብቱን ያላወጣ ሰው በውሉ ፊት በቸልተኝነት ይጠየቃል። ክትባቱ ያልመጣበት ቀበሌ ጉዳይ ግን ሌላ መሆን አለበት። ባልቀረበ ክትባት ገበሬን መቅጣት ፍትሕ አይደለም፤ ውሉም ይህን ለይቶ መጻፍ ይኖርበታል።

ሰፊ ወረርሽኝም ብዙ ጊዜ ከሽፋን ውጭ ይደረጋል። ምክንያቱ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ተጽፏል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የገባው የደስታ በሽታ የአገሪቱን የቀንድ ከብት ፈጅቶ የክፉ ቀንን ረሃብ አምጥቷል። ያን ያህል ከብት ባንድ ጊዜ ሲሞት የትኛውም የመድን ሣጥን አይበቃም። ኢትዮጵያ ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ በ2008 እ.ኤ.አ. ታውቋል፤ ዓለም በሙሉ ነፃ የተባለው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ሌሎች ወረርሽኞች ግን አሉ፤ የሽፋኑ ወሰንም ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

ጦርነትና ሁከት ሌላው ከሽፋን ውጭ የሆነ ነገር ነው። ውሉ በተለይ ካልተስማማበት በቀር ከጦርነትና ከሁከት የመጣ ጉዳት በመድን ሰጪው ላይ አይወድቅም፤ ይህ በንግድ ሕጉም ያለ ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የጸጥታ ችግር በበዛበት አካባቢ ይህ አንቀጽ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ስርቆትም ብዙ ጊዜ አይሸፈንም፤ የሞተ ከብት ሬሳ አለው፣ የተሰረቀ ግን ስለመሰረቁ ማስረጃ ማቅረብ ያስቸግራል። መድን ገቢው ሆን ብሎ ላደረሰው ጉዳት በምንም መንገድ አይከፈልም።

ከሁሉ የበለጠ ገበሬውን የሚያስደነግጠው ግን የሞት መድን ሞትን ብቻ መሸፈኑ ነው። አፍተግር ጎልማሳ በሬን ብዙም አይገድልም። ኮቴውን አቁስሎ፣ አፉን ልጦ ለሳምንታት ከቀንበር ያስወጣዋል፤ ይህ የሚሆነው በሰኔና በሐምሌ ከሆነ ማሳው ሳይታረስ ያልፋል። በሬው ግን አልሞተም፤ ስለዚህ ካሳ የለም። ላም በጡት በሽታ አንድ ጡቷ ቢደርቅም እንዲሁ ነው። ለዘለቄታው ከሥራ መውጣትን የሚሸፍን ተጨማሪ ዋስትና በአንዳንድ ውሎች ይገኛል፤ አረቦኑም ከፍ ይላል። በምዕራብ ጎጃም ያለ የእርሻ በሬ ሳይሞትም ከሥራ ሊወጣ ስለሚችል፣ ለዚህ ሕዝብ የሚሸጥ ውል ይህን ክፍል ካልያዘ ግማሹን ጉዳት ትቶታል።

አባ ሰንጋ ለብቻው ሊነገርለት የሚገባ ጉዳይ ነው፤ የመድን ውል ትእዛዝና የሰው ሕይወት የሚጋጩበት ቦታ ስለሆነ። በአባ ሰንጋ የሚሞት ከብት አብዛኛውን ጊዜ በድንገት ይወድቃል፤ ሆዱ ቶሎ ይነፋል፤ ከአፍንጫው፣ ከአፉና ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወጣል። እንዲህ ያለ ሬሳ መገፈፍም መከፈትም የለበትም። በደሙ ውስጥ ያለው ተሕዋስ አየር ሲያገኝ ወደ ጠንካራ ዘር ይለወጥና በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ሥጋውን የበላ፣ ቆዳውን የገፈፈ ሰውም ይታመማል፤ ሊሞትም ይችላል። መድን ሰጪው ግን የሞቱን ምክንያት ማወቅ ይፈልጋል፤ አንዳንድ ውል ሬሳው ተከፍቶ እንዲመረመር፣ የጆሮው ቁጥርም ከነጆሮው ተቆርጦ እንዲመጣ ይጠይቃል። ለአባ ሰንጋ ይህ አይደረግም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከጆሮ ደም ሥር ጥቂት ደም በመስታወት ላይ ወስዶ በማጉያ መነጽር ያያል፤ ሬሳው ሳይከፈት በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ቁጥሩ ከሬሳው ጋር እንዳለ ፎቶግራፍ ይነሳል። ጆሮ ቆርጦ የማምጣት ግዴታ ያለበት ውል ለአባ ሰንጋ ይህን ግዴታ በግልጽ ማንሳት አለበት።

በአካባቢው ያለው የቆየ መረዳዳትም የራሱ ወሰን አለው። እግሩ የተሰበረ በሬ ነፍሱ ሳይወጣ ይታረዳል፤ መንደርተኛው ሥጋውን በመደብ ተከፋፍሎ ገንዘቡን ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ባለቤቱም በዚያ ላይ ጨምሮ ሌላ ይገዛል። በሬው በበሽታ በራሱ ከሞተ ግን በክት ነው፤ አይበላም፤ የሚከፋፈል ሥጋም የሚሰበሰብ ገንዘብም የለም። እንግዲህ ባህሉ አደጋን ይሸፍናል፣ በሽታን አይሸፍንም። የመድን ድርጅት ሊሞላው የሚገባ ክፍተትም ይኸው የበክቱ ክፍል ነው። ከዚሁ ጋር አንድ መጠንቀቂያ አለ፦ መድን የተገባለትን በሬ፣ ቢሰበርም እንኳ፣ ለባለሙያ ሳያሳዩ ማረድ ካሳን ሊያሳጣ ይችላል። በመንደሩ ወግ ትክክል የሆነው ነገር በውሉ ፊት ያለፈቃድ እርድ ይባላል። ባለሙያ በሰዓታት ውስጥ ሊደርስ በማይችልበት ቀበሌ፣ በሽማግሌዎች ፊት የሚታረድን ስብራት የሚቀበል አንቀጽ ቢኖር ለሁሉም ይበጃል።

በኢትዮጵያ የመድን ውል የሚመራው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲወጣ የመድኑ ክፍል አልተሻረም። ሕጉ መድን ገቢው ስለ ንብረቱ የሚያውቀውን በሙሉ እንዲናገር ያስገድደዋል፤ ሆን ብሎ የደበቀ ወይም የሐሰት ቃል የሰጠ ውሉ ይፈርስበታል። ጉዳቱን ባወቀ በ5 ቀን ውስጥ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካላጋጠመው በቀር፣ ማስታወቅ አለበት። ከውሉ የሚመነጭ ክስም በ2 ዓመት ይታገዳል። አምስት ቀን በሕግ በቂ ይመስላል፤ በጎጃም ገጠር ግን ማታ ደጅ ያደረ ሬሳ ለጅብ ነው፤ በማግሥቱ የሚመረመር ነገር ላይገኝ ይችላል። በሬው በሞተበት ዕለት መደወል፣ የሠፈር ሰው በምስክርነት ማቆምና ፎቶግራፍ ማንሳት ከአምስቱ ቀን ይልቅ ይጠቅማል።

ካሳው ንብረቱ በጉዳቱ ቀን ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ሕጉ ይደነግጋል፤ ውሉም የራሱ ጣሪያ አለው። ለፋሲካ የሚደለብ በሬ በ60,000 ብር ተገዝቶ በፋጉሎና በፉርሽካ ወፍሮ 90,000 ብር ቢያወጣም፣ ውሉ የተጻፈው በ60,000 ከሆነ ከዚያ አያልፍም። ከዚህም ላይ መድን ገቢው ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ይቀነሳል፤ ድርሻው 20 በመቶ ቢሆን ከ60,000 ብር ላይ 12,000 ወጥቶ 48,000 ብር ይቀራል። በብድር የተገዛ ከሆነ ገንዘቡ አስቀድሞ ወደ አበዳሪው ሊሄድ ይችላል።

በአገራችን ስሙ የታወቀው ሌላው የከብት መድን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ጋር በቦረና የጀመረው መድን የሞተውን ከብት አይቆጥርም፤ ሳተላይት የሚያየውን የሣር አረንጓዴነት ይለካል። ሣሩ ከተወሰነው ልክ በታች ከደረቀ ውል ለገቡት ሁሉ ይከፍላል። የጆሮ ቁጥርም ሐኪምም አያስፈልገውም። የመጠበቂያውን ሥራ የሚሠራለት የሽያጭ ወቅቱ ነው፤ ውሉ የሚሸጠው ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሳምንታት ብቻ በመሆኑ፣ ድርቅ መምጣቱን አይቶ የሚገባ አይኖርም። ነገር ግን ከድርቅ ውጭ ያለ ሞት በሙሉ ከሽፋኑ ውጭ ነው። ክረምቱ ጥሩ በሚዘንብበት በምዕራብ ጎጃም ከብት የሚጨርሰው በሽታ እንጂ የሣር መድረቅ ስላልሆነ፣ ያ ዓይነቱ መድን እንዳለ ቢመጣ ለቡሬ ገበሬ ብዙም አይጠቅመውም።

ክትባትና የመጠበቂያ ጊዜ ግን አንድ ላይ ሊሄዱ ይችላሉ። የተከተበ ከብት መከላከያውን ለማዳበር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ይህ ከመጠበቂያው ጊዜ ጋር ይቀራረባል። አዲስ በሬ የገዛ ሰው በዚያው ሳምንት አስመርምሮ፣ አስከትቦ፣ ከሌሎቹ ከብቶች ለይቶ ቢያቆየውና ውሉን ወዲያው ቢፈርም፣ መጠበቂያው ሲያበቃ ክትባቱም ሥራውን ጀምሯል። የእርሻ በሬ ከሆነ ይህ ሁሉ በሚያዝያ ቢያልቅ በግንቦትና በሰኔ ጭንቅ ወቅት ዋስትናው ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል። በሰኔ የፈረመ ሰው ግን እስከ ሐምሌ በራሱ ዕድል ነው የሚያርሰው።

ስለዚህ አርሶ አደሩ ጣቱን ቀለም ከመንከሩ በፊት ውሉ በአማርኛ፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ እስከ መጨረሻው እንዲነበብለት ይጠይቅ። ማንበብ የሚችል ልጅ ወይም ጎረቤት አብሮ ይቀመጥ። መጠበቂያው ስንት ቀን እንደሆነ፣ የሚቆጠረው ከሕመሙ ይሁን ከሞቱ፣ ከሥራ የወጣ በሬ ይከፈልበት እንደሆነ፣ ሲሞት ለማን በየትኛው ስልክ እንደሚደወል ይነገረው፤ የተነገረውም በውሉ ላይ ተጽፎ አንዱ ቅጂ በእጁ ይቅር።